ከኩንታሉ ሥር ያለው ሰው

(ዩኒየናችን የተመሠረተበትን 20ኛ ዓመት ባከበረበት ዕለት፣ ዘንድሮ በጡረታ የተገለሉ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ለጠቅላላ ጉባኤው ያደረጉት ንግግር)







ስለ ካፒታላችንና ስለ ገበያችን ኃላፊዎቻችን በሰፊው ተናግረዋል። እኔ የተጠየቅሁት ስለ ሥራዬ እንድናገር ነው። ከ1977 እስከ 2018 ዓ.ም. ለ41 ዓመታት በጫኝና አውራጅነት፣ በዱቄት ፋብሪካ ማሽን ኦፕሬተርነት፣ በመጨረሻም በዚሁ በዩኒየናችን መጋዘን ሠርቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ዘመን ለዛሬ የመረጥሁት ሁለት ጉዳዮችን ነው፤ አንደኛው የራሴን ጥፋት፣ ሁለተኛው ለዚህ ጉባኤ የማቀርበውን ልመና ይመለከታል።

ሸክም

የምንጃር ገበሬ ልጅ ነኝ። አገር በድርቅ በተጎዳበት በ1977 ዓ.ም. ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ ያኔ ናዝሬት ትባል ወደነበረችው አዳማ ወረድሁ። ያገኘሁት ሥራ እህል መጫንና ማውረድ ነበር። ሁለት ሰዎች ጆንያውን ያነሱና ጀርባህ ላይ ያሳርፉታል፤ አንተ ጎንበስ ብለህ በሳንቃ ላይ እየተራመድህ መኪናው ላይ ትወጣለህ። ጆንያው 100 ኪሎ ነው፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ 60 ኪሎ የምሞላ አይመስለኝም። ሂሳቡ በኩንታል ስለነበረ ያረፈ አይከፈለውም፤ የታመመም እንደዚያው። ኩንታል መሸከም ያቃተው ሰው “ወንድ አይደለም” ይባል ስለነበር ማንም ወገቤን አመመኝ ብሎ አይናገርም። አብረውኝ ከጀመሩት መካከል አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ቀና ማለት የተሳናቸው አሉ።

ማሽን

በ1985 ዓ.ም. ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ የግል ዱቄት ፋብሪካ ተቀጠርሁ። በጫኝነት ገብቼ፣ ከኦፕሬተሮች ሥር ሆኜ እያየሁ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለኦፕሬተርነት በቃሁ። ስንዴ ዱቄት እስኪሆን የሚያልፍበትን መንገድ ብዙ ገበሬዎች ስላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ በወንፊት፣ በአየርና በማግኔት አፈሩ፣ ገለባው፣ ጠጠሩና ብረታ ብረቱ ይለያል። ከዚያ እርጥበቱ 16 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ውሃ ይጨመርበትና እንደ ስንዴው ጥንካሬ ለሰዓታት ያርፋል፤ ጠንካራ ስንዴ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ይህም ቆዳው እንዲላላና ሳይደቅ እንዲገፈፍ ነው። ቀጥሎ ጥርስ ባላቸው ሮለሮች መካከል ያልፋል። ሁለቱ ሮለሮች የሚዞሩት በእኩል ፍጥነት አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ስለሚፈጥን ፍሬውን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይጨፈልቀውም። በየመሐሉ በወንፊት ይለያል፣ በለስላሳ ሮለሮች እንደገና ይፈጫል። ከአንድ ኩንታል ስንዴ 75 ኪሎ ገደማ ዱቄት ይገኛል፤ የቀረው ፉርሽካና ፉርሽኬሎ ነው። ጥሩ ኦፕሬተር ከሮለሩ ሥር እፍኝ ያህል ዘግኖ በመዳፉ ሙቀቱን ያውቃል፤ ድምፁ ሲለወጥም ከሩቅ ይሰማል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሮለሩን የሚያዞረው ቺንጋ የብረት መከለያ ነበረው። ቺንጋው ሲላላ መከለያውን ፈትቶ ማጥበቅና መልሶ መግጠም ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ኃላፊው “ምርት ቆመ” እያለ ይጮኻል። በ1989 ዓ.ም. አንድ የሌሊት ፈረቃ ላይ መከለያውን ፈታሁና ሳልመልሰው ማሽኑን አስነሳሁ፤ ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ ሳምንት አለፈ። ረዳቴ የነበረው ልጅ የፈሰሰ ዱቄት ሊጠርግ እጁን ሲዘረጋ ቺንጋው የሸሚዙን እጅጌ ያዘው። ሦስት ጣቶቹን አጣ። ፋብሪካው ሆስፒታል አሳክሞት፣ የአንድ ወር ደመወዝ ሰጥቶ አሰናበተው። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 42/1985 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ እንደሚከፈል ይደነግግ ነበር። እኛ ግን አዋጁን አላነበብነውም፤ የሚያውቁትም አልነገሩንም። እኔም ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ መከለያውን የፈታሁት እኔ መሆኔን አልተናገርሁም። ያንን ልጅ ከዓመታት በኋላ አግኝቼ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ይቅር ብሎኛል፤ ጣቶቹ ግን አልተመለሱም። በሰው ፊት ስናገረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

መጋዘን

ዩኒየናችን በ1998 ዓ.ም. ሲመሠረት ወደዚህ መጣሁ። እዚህ የተማርሁት እህል ገብቶ ሲያበቃም ጠባቂ እንደሚፈልግ ነው። በቆሎ ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ከገባ ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያመጣ ይችላል። ጆንያ በመሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል፤ ከግድግዳም ይርቃል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ነቀዝ ሲገባ ክምሩ በሸራ ተሸፍኖ በመድኃኒት ይታጠናል። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ይህ እንክብል የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ለመርዙ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ስለሆነም ከባለሙያ እጅ ወጥቶ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ፣ በጎተራም ቢሆን፣ ከቶ አይግባ።

ልመናዬ

መጋዘናችን ዛሬ ሚዛን፣ የእርጥበት መለኪያና የጆንያ መስፊያ ማሽን አለው። እህሉ ግን አሁንም የሚወጣውና የሚገባው በ100 ኪሎ ጆንያ፣ በሰው ጀርባ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው የውሳኔ ሃሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ መክሯል። እኛ እጥፉን ልናሸክም ጥቂት ነው የቀረን። በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል።

ስለዚህ ጉባኤው እህላችን በ50 ኪሎ ጆንያ እንዲታሸግ ይወስንልን እላለሁ። “የጆንያ ወጪ ይጨምራል” የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ይጨምራል። ነገር ግን ከባድ ጆንያ ከትከሻ ላይ ሲወረወር እየፈነዳ፣ በመንጠቆም እየተቀደደ የሚፈሰውን እህል ጠርጌዋለሁና ወጪውን ስናሰላ እሱም አብሮ ይታሰብ። ጫኞቹ ራሳቸው ደግሞ “ምልልሱ እጥፍ ይሆንብናል” ይላሉ። ክፍያው በኩንታል እስከሆነ ድረስ ገቢያቸው አይቀንስም፤ የሥራ ዕድሜያቸው ግን ይረዝማል። አዲስ ነገርም አይደለም። ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲመጣልን የኖረ ነው፤ በዚህ የተጎዳ ገበሬ አላየሁም።

ለግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከ41 ዓመት አገልግሎቴ ለጡረታ የተቆጠረልኝ 15 ዓመቱ ብቻ ነው። ይህን የምናገረው ለማማረር አይደለም። በቀን ሂሳብ የሚሠሩት ጫኞቻችን ግን ያቺንም አያገኙም። ያላቸው ሀብት ወገባቸው ብቻ ነው። ስማቸውን ብትጠይቁ ደግሞ አብዛኞቹ እዚህ የተቀመጣችሁት አባላት ልጆች ናቸው፤ መሬት አልደርስ ብሏቸው ወደ መጋዘን የመጡ። አባት ያመረተውን ልጅ ይሸከማል ማለት ነው።

መጋዘኑን ለተረከቡት ወጣቶች አንድ ቃል ልተውላቸውና ላብቃ። መከለያ ሳይገጠም ማሽን አታስነሱ። ኃላፊው ቢጮህም ይጩህ፤ ጩኸት ያልፋል።