ስም ያልተጻፈበት ብር

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም የጥንት እንግሊዞች፥ አንግሎ ሳክሶኖች የተባሉት፥ ስለ ሠሯት የብር መሐለቅ ነው። ይህች መሐለቅ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አትበልጥም፤ ክብደቷም አንድ ግራም ያህል ነው።

እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ አገር የሚሠራው መሐለቅ የወርቅ ነበር። ነገር ግን ወርቁ እየጐደለ፥ ብር እየተቀላቀለበት ስለ ሄደ፥ በ680 ገደማ ወርቁን ትተው በጥሩ ብር መሥራት ጀመሩ። ሊቃውንት ይህችን መሐለቅ «ሻት» ይሏታል፤ የዘመኑ ሰዎች ግን ፔኒ ይሏት እንደ ነበር ይገመታል።

በላይዋ ያሉት ሥዕሎች እጅግ ያስደንቃሉ። አንጥረኞቹ ከጥንት ሮማውያን ገንዘብ እየቀዱ፥ የጨረር ዘውድ የደፋ ንጉሥ፥ የጦር ሠራዊት ዓርማ፥ ሁለት ሕፃናት የምታጠባ ተኵላ ቀረጹ። ከዚያም በወይን ሐረግ መካከል ያለች ወፍ፥ ሰውነቱን የጠመዘዘ አውሬ፥ መስቀል የያዘ ሰው ጨመሩ። ከባሕር ማዶ ከፍሪዝያ በሚመጣው ብር ላይ ደግሞ የንጉሡ ራስ ከቅጂ ወደ ቅጂ ሲተላለፍ ጃርት እስኪመስል ድረስ ተለወጠ።

ዳሩ ግን በአብዛኞቹ ላይ የንጉሥ ስም የለም። ከ720 ገደማ በኋላ ብሩ በመዳብ እየተበረዘ ሄደ፤ ሥዕሉ ሲበዛና ሲያምር፥ ብሩ አነሰ። በአንዳንዱም ላይ መዳቡ ከብሩ በለጠ። ገበያተኛው ማንን ይጠይቅ?

ብሩን መልሰው ያጠሩት ነገሥታት ስማቸውንም አብረው ጻፉ። በሰሜን፥ በኖርተምብሪያ፥ በ685 የነገሠው አልድፍሪዝ አስቀድሞ ስሙን በብሩ ላይ አስቀርጾ ነበር። በኋላም በዚያው አገር እስከ 758 የገዛው ኤድበርት ጥሩ ብር በስሙ አሠራ፤ ወንድሙ ሊቀ ጳጳስ ኤግበርትም ከእርሱ ጋር ስሙን አኖረ። ከ757 እስከ 796 የነገሠው የመርሲያው ኦፋ ደግሞ ሰፊና ስስ ፔኒ አወጣ፤ በእርሱም ላይ የንጉሡ ስምና የአንጥረኛው ስም ተጻፈ። እንግዲህ ብሩ ቢጐድል ተጠያቂው ታወቀ።

ውድ ጓደኞቼ፤ ያማረ ሥዕል የጐደለ ብር አይሞላም። እኛም ነገ የምንሠራው ሥራ ስማችንን ሳናፍር የምንጽፍበት ይሁን።