መጠይቁን የሞላው ማን ነው? የንግድ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ ስለ መማር

ለአዲስ ገቢ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በተዘጋጀ የአቀባበል መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል

ይህን ንግግር እንዳቀርብ ስጋበዝ የተሰጠኝ ርዕስ «በንግድ ሥራ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ» የሚል ነበር። ርዕሱን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ስለ ጠቀሜታው ብዙ መናገር የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ በሥራ ገበታችሁ ላይ ውላችሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቃችሁ፣ በ11 ሰዓት ተኩል በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ ሰዎች ጠቀሜታውን ከእኔ በተሻለ አስልታችሁታል። ስለዚህ በዛሬው ምሽት ልነግራችሁ የምፈልገው እኔ ራሴ በእናንተ ወንበር ተቀምጬ በነበረበት ጊዜ ስላጋጠመኝ ነገር ነው። ታሪኩ አያስመሰግነኝም። ሆኖም ከኮርሶቹ ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ እርሱ ስለሆነ ላስቀረው አልወደድሁም።

አስቀድሜ ስለ ሙያችን ጥቂት ልበል። በአገራችን ዘመናዊው የንግድ ሥራ ትምህርት የተጀመረው ለቢሮ የሚሆን ሰው በማዘጋጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሒሳብ መያዝንና የጽሕፈት ሥራን ለሚያውቅ ሠራተኛ የነበረውን ከፍተኛ ፍላጎት ለማሟላት የተከፈተ ነበር። ዛሬ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ ማርኬቲንግ፣ ሎጂስቲክስና አቅርቦት ሰንሰለት፣ የሰው ሀብት አስተዳደር፣ የፕሮጀክት አመራር እያልን በየዘርፉ እናስተምራለን። ስለ ንግድ በጥልቀት ማሰብ ግን ከትምህርት ቤቱም በፊት ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ አገር ሀብትና ስለ ልውውጥ የጻፉት መጽሐፍ የታተመው እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። እኒያ ሰው በድሬዳዋ በነጋድራስነት ያገለገሉ ናቸው፤ ስለ ንግድ የጻፉት ሸቀጥ ሲገባና ሲወጣ በዓይናቸው እያዩ ነበር። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልግባ። በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ውስጥ እየሠራሁ በማታው መርሐ ግብር እማር ነበር። ኮርሶቹን በጥሩ ውጤት ጨርሼ የመመረቂያ ጥናት ላይ ደረስሁ። ርዕሴ የባንክ ብድር በመርካቶ አነስተኛ ነጋዴዎች ዕድገት ላይ ያለውን ተጽዕኖ የሚመረምር ነበር። 1,000 ነጋዴዎች ያሉበት ዝርዝር አገኘሁ። ሁላችሁም በቅርቡ በምትተዋወቁት በያማኔ ቀመር አስልቼ 286 ሰዎች በናሙናነት እንደሚበቁኝ ወሰንሁ። ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» ባለ አምስት ደረጃ መልስ የሚሰጥባቸው 32 ጥያቄዎች አዘጋጀሁ፤ አባዝቼም ለመበተን ተነሣሁ።

መጠይቅ መበተን ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ነጋዴው ደንበኛ እያስተናገደ ነው፤ ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ የግብር ሠራተኛ መጣ ብሎ ይጠራጠራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ 166 ያህል ሰበሰብሁ። በዚህ መካከል በአካባቢው ብዙ ሰው የሚያውቅ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የቀረውን ለእኔ ተወው» አለኝ። 120 ቅጽ ወሰደ። በአራተኛው ቀን 120ውንም ተሞልተው መለሰልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ምሳ ጋበዝሁት።

መረጃውን በኤስፒኤስኤስ ሳስገባው ውጤቱ እጅግ ያማረ ሆነ። የአስተማማኝነት መለኪያው፣ ክሮንባክ አልፋ የምንለው፣ 0.93 መጣ። በተለምዶ 0.7 ከተገኘ ይበቃል ይባላል። የሪግሬሽን ሰንጠረዡም የጠበቅሁትን ግንኙነት ሁሉ ጉልህ አድርጎ አሳየኝ። የመመረቂያ ልብሴን በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ረቂቁን ለአማካሪዬ አስረከብሁ።

አማካሪዬ በዕድሜ የገፉ፣ ቁጥብ መምህርት ነበሩ። ረቂቁን ካነበቡ በኋላ «የተሞሉትን ቅጾች አምጣልኝ» አሉኝ። በካርቶን ይዤላቸው ሄድሁ። አንድ በአንድ እያገላበጡ ለብቻ የሚያስቀምጡት ክምር እያደገ ሄደ። በመጨረሻም መነጽራቸውን አውልቀው «ለመሆኑ መርካቶ ውስጥ እስክሪብቶ የሚሸጠው አንድ ሱቅ ብቻ ነው?» አሉኝ። 64 ቅጾች በአንድ ዓይነት ቀለም፣ ወደ አንድ ጎን ባዘነበለ አንድ ዓይነት የ«ራይት» ምልክት ተሞልተዋል። እውነቱን ልንገራችሁና እኔም ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ። መረጃውን ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት በገዛ እጄ ነው። ያየሁትን ነገር እንዳላየሁ ሆኜ አልፌው ነበር።

በዚህ አጋጣሚ ለጥናታችሁ የሚጠቅም አንድ ነገር ላስገንዝብ። ያ 0.93 የመጣው ሐሰተኞቹ ቅጾች ቢኖሩም ሳይሆን ስለነበሩ ነው። ክሮንባክ አልፋ የሚለካው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ አንዱን ቅጽ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ»፣ ሌላውን ከላይ እስከ ታች «አልስማማም» እያለ ቢሞላ መልሶቹ ፍጹም ይስማማሉ፤ መለኪያውም ከፍ ይላል። እውነተኛ ሰው ይቃረናል፤ በአንዱ ጥያቄ ባንኩን ያመሰግናል፣ በሚቀጥለው ያማርራል። ስለዚህ በጣም ያማረ ቁጥር ስታዩ ከመደሰታችሁ በፊት ወደ ወረቀቶቹ ተመለሱ።

አማካሪዬ አልተቆጡኝም። «ጽሑፉ ላይ የሚሰፍረው ያንተ ስም ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የእኔ ፊርማ ይኖራል። አስበህበት ተመለስ» ብቻ ነው ያሉኝ። የማስረከቢያው ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በመሥሪያ ቤቴ አንድ የሥራ መደብ ተከፍቶ ነበር፤ መስፈርቱም ሁለተኛ ዲግሪ ነው። በቤቴም ክፍያውን ስንቆጥብ የከረምንበት ጊዜ አበቃ ብላ ባለቤቴ ቀኑን ትቆጥር ነበር። 64ቱን ብቻ አውጥቼ ብቀጥል ማንም አይከሰኝም። ነገር ግን ከአንድ ሰው እጅ የመጡት 120ውም ተጠርጣሪ ሆነዋል። 120ውን አውጥቼ ስንታውን ደግሜ ሠራሁት። የምላሽ መጠኔ ወደ 58 በመቶ ወረደ፤ ጉልህ የነበረው ግንኙነትም ጠፋ። እጄ ላይ የቀረው ምንም ነገር የማያሳይ ጥናት ነበር።

ባልደረባዬን ጠየቅሁት። ደነገጠ። «የጠቀምሁህ መስሎኝ ነው እኮ፤ እኔም ስማር እንዲሁ ነው የተሞላልኝ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቅጽ ማለት ሞልቶ ማቅረብ ነው ተብሎ የለመደ ሰው ነበር፤ እኔም በቢሮዬ ከዚያ የተለየሁ አልነበርሁም።

በዚያ ወቅት አልተመረቅሁም። ተጨማሪ ወሰነ ትምህርት ተመዝግቤ፣ መጠይቁን ወደ ጎን ትቼ፣ በየቅዳሜው ከሰዓት መርካቶ እየሄድሁ ከነጋዴዎች ጋር መቀመጥ ጀመርሁ። የሥራ መደቡንም ሌላ ሰው አገኘው።

በሸማ ተራ አንዲት እናት ነበሩ። የባህል ልብስ ይሸጣሉ። ከልማድ የተነሣ ከቀድሞው መጠይቅ አንዱን አነበብሁላቸው፦ «የባንኮች የብድር አቅርቦት በቂ ነው፤ ይስማማሉ?» እርሳቸውም «በየትኛው ወር?» ብለው ጠየቁኝ። አልገባኝም። ሲያብራሩልኝ፣ ለእንቁጣጣሽ የሚሸጠውን ልብስ የሚገዙት ከሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ ነው፤ ለጥምቀት የሚሆነውን በታኅሣሥ፤ ለፋሲካ ደግሞ በጾሙ መካከል። ገንዘብ የሚያስፈልጋቸው በእነዚያ ሳምንታት ነው። «ማመልከቻዬን በሐምሌ ተቀብለው በጥቅምት ቢፈቅዱልኝ፣ ያ ለእኔ ዕዳ ነው እንጂ ብድር አይደለም» አሉኝ። በ32ቱ ጥያቄዎቼ ውስጥ የወር ስም የሚጠራ አንድም አልነበረም።

ታዲያ ገንዘቡን ከየት ያገኛሉ አልኋቸው። ከእቁብ ነው። 20 አባላት በየሳምንቱ 5,000 ብር ይጥላሉ፤ ዕጣው 100,000 ብር ነው። ዕጣው ለሌላ ሰው ሲወጣ እና እርሳቸው በነሐሴ ሲቸግራቸው፣ 4,000 ብር ከፍለው ተራውን ይገዙታል፤ ባለዕጣው ደግሞ ከአሥር ሳምንት ያህል በኋላ በእርሳቸው ተራ ይወስዳል። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። በአሥር ሳምንት 4 በመቶ ማለት በዓመት ሲሰላ ከ20 በመቶ በላይ ነው። በእኛ ባንክ ከነበረው ወለድ ይበልጣል። እኒህ እናት ሒሳብ ስለማያውቁ አይደለም ይህን የሚከፍሉት። የሚከፍሉት ገንዘቡ በሚፈለግበት ሳምንት ስለሚደርስ ነው። እኔ በብድር ክፍል ውስጥ ስለ ማስያዣና ስለ ወለድ ስከራከር ስኖር፣ አንድ ደንበኛን እንኳ «ገንዘቡ መቼ ይድረስልህ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ጥናቱ መልክ ያዘ። 31 ነጋዴዎችን በጥልቀት አነጋገርሁ። በኃላፊዬ ፈቃድ፣ ስም ተሸፍኖ፣ ከማመልከቻ እስከ ገንዘቡ መለቀቅ ያሉትን ቀናት ከፋይሎች ላይ ቆጠርሁ። ሁለቱን ከበዓላቱ ወቅት ጋር አስተያየሁ። ጥናቱ ቀጭን ነበር፤ በመከላከያው ዕለት አንዱ ገምጋሚ ናሙናው አነስተኛ መሆኑን ነቅፈዋል፤ ነቀፌታውም ተገቢ ነበር። ያገኘሁት ውጤት «በጣም ጥሩ» ነው፤ «እጅግ በጣም ጥሩ» አይደለም። ነገር ግን ስለ እያንዳንዱ ገጽ ስጠየቅ፣ ያን የነገረኝን ሰው ፊት እያስታወስሁ መለስሁ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወትን ያነሣሁት ስለዚህ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ይህ የግል ገጠመኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። እናንተ የምትማሩበት ዘመን ከእኛ ዘመን ይለያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። የባንክ ዘርፉ ለውጭ ባለሀብቶች የሚከፈትበት ሕግም ወጥቷል። እኛ የፋይናንስ መማሪያ መጽሐፍ ስናነብ የአክሲዮን ዕለታዊ ዋጋ እንዳለ ተቆጥሮ የተጻፈውን ሁሉ በመዝገብ ላይ ባለ ዋጋ ተክተን እንሠራ ነበር፤ ገበያው አልነበረምና። እናንተ ከአገራችሁ ገበያ የሚወጣ ዋጋ ይኖራችኋል። ያ ዋጋ የሚቆመው ኩባንያዎች በሚያቀርቡት የሒሳብ መግለጫና ኦዲተሮች በሚያኖሩት ፊርማ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ አንድ ባንክ ብድሩ ከመበላሸቱ በፊት የሚጠበቀውን ኪሳራ እንዲገምት ያስገድዳል። ግምቱን የሚሠራው ከእናንተ አንዱ ነው። ያላየውን ቅጽ እንዳየ አድርጎ የፈረመ ተማሪ፣ ነገ ያልቆጠረውን ንብረት እንደ ቆጠረ አድርጎ ይፈርማል፤ የሚከስረው ደግሞ ጡረታውን በአክሲዮን ያስቀመጠ ሰው ነው።

ፈተናው በእናንተ ጊዜ ቀሎ አይጠብቃችሁም። የመመረቂያ ጥናት ጽፎ የሚሸጥ ሰው በየፎቶ ኮፒ ቤቱ አካባቢ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ባልደረባዬ አራት ቀን የፈጀበትን 120 ቅጽ በደቂቃዎች ይሞላላችኋል፤ የእስክሪብቶው ቀለም እንኳ አያጋልጣችሁም።

ለመምህራን ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ፤ ወቀሳው ከራሴ ይጀምራል። በአንድ ዓመት 14 ተማሪዎችን እያማከርሁ፣ አንድም የተሞላ ቅጽ ሳላይ የፈረምሁበት ጊዜ ነበር። የእኔ አማካሪ ካርቶኑን ባያስመጡ ኖሮ እኔ በዚያ 0.93 ተመርቄ ዛሬ ስለ ጥናት ዘዴ አስተምራችሁ ነበር። ስለዚህ ከዚህ ዓመት ጀምሮ እኔ የማማክራችሁ ተማሪዎች ረቂቃችሁን ስታመጡ ወረቀቶቹንም ይዛችሁ ኑ። ናሙናችሁ ቢያንስ፣ ውጤታችሁ ጉልህ ባይሆን፣ ግድ የለም፤ እንነጋገርበታለን። ከመጠይቁ በፊትም ቢያንስ ከአምስት ሰዎች ጋር ተቀምጣችሁ ጥያቄያችሁን አንብቡላቸው። ከመካከላቸው አንዱ «በየትኛው ወር?» ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ጥናታችሁ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

የትምህርት ዘመኑ የተቃና እንዲሆንላችሁ እመኛለሁ።