በሠንጠረዥ መዝገብ ውስጥ የልጅን ውጤት ስለ መፈለግ



በመተማ ቈላ ያለ መምህር የተማሪዎቹን መዝገብ በኮምፒዩተር ጽፎ የአንዱን ልጅ ውጤት በዓይኑ ቢፈልግ ቀኑ ይመሽበታል። ኤክሴል የሚባለው የሠንጠረዥ መዝገብ ግን «ቪሉክአፕ» የተባለ የመፈለጊያ ትእዛዝ አለው። ትእዛዙም አራት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም የሚፈለገውን፥ የሚፈለግበትን ሠንጠረዥ፥ መልሱ ከግራ ሲቈጠር በስንተኛው ዓምድ እንዳለ፥ በመጨረሻም ልክ ያንኑ ብቻ ወይስ ቅርቡንም እንዲያመጣ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው አራተኛው ነው። መምህሩ ሳይጽፈው ቢተው፥ ኤክሴል «ቅርቡን አምጣ» እንደ ተባለ ይቈጥረዋል። ቅርቡን ማምጣት ማርክን በደረጃ ለመመደብ ይጠቅማል፤ ለልጅ ስም ግን አይሆንም። መዝገቡ በፊደል ተራ ያልተደረደረ እንደ ሆነ፥ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የሌላውን ልጅ ውጤት ሊያቀርብ ይችላልና፥ ያለፈው ልጅ ወድቋል ተብሎ ለአባቱ ይነገራል። ስለዚህ በአራተኛው ስፍራ ዜሮ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ ልክ ያንኑ ብቻ ይፈልጋል።

ይህም ሆኖ ፊደላችን ሌላ ችግር ያመጣል። አንዱ ጸሓፊ «ኃይሉ»፥ ሌላው «ሀይሉ» ቢል፥ ሰው አንድ ስም ይለዋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ኹለት አድርጎ አልተገኘም ይላል። በጠረፍ አገር «መሐመድ»፥ «ሙሐመድ»፥ «ሞሀመድ» እየተባለ ይጻፋል። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ከተማ እንኳ «መተማ ዮሐንስ»ም «መተማ ዮሀንስ»ም ትባላለች።

እንግዲህ ለልጅ ኹሉ የራሱ ቍጥር ይሰጠው፤ ቍጥሩም በሠንጠረዡ መዠመሪያ ዓምድ ይቀመጥ፤ ትእዛዙ የሚፈልገው በዚያ ዓምድ ብቻ ነውና።