ንድፍ በገዛ ፊደሉ ይፈተን

ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እያፈራረቀ በአክሱም ስልት ለታነጸው ለይምርሐነ ክርስቶስ ድረ ገጽ ይነደፍ ቢባል፣ ባለሙያው የትኛውን የንድፍ ሶፍትዌር ይምረጥ?

ብዙዎች ፊግማን ያነሣሉ። በአንድ ንድፍ ላይ ብዙ ሰው አብሮ ይሠራበታል፤ ሆኖም ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት በላስታ ደጋ ይህ ጥቅሙ ይቀንሳል። ለመጀመሪያው ረቂቅ ባልሳሚክ ይበቃል፤ ሥዕሉ በእጅ የተሞነጨረ ስለሚመስል ደንበኛው ቀለሙን ትቶ አቀማመጡን ይተቻል። ፔንፖት ግን በተቋሙ በራሱ ሰርቨር ሊቀመጥ ይችላል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ኢንቪዥን የተባለው የታወቀ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ተዘግቷል።

ከሁሉ የሚከብደው የፊደሉ ጉዳይ ነው። ከሶፍትዌሮቹ ጋር የሚመጡት ዝግጁ ናሙናዎች የተለኩት በላቲን ጽሑፍ ነው። አጭር የእንግሊዝኛ ቃል በተመቸው ቁልፍ ላይ «ይምርሐነ ክርስቶስ» ሲጻፍ ከሳጥኑ ይወጣል። ግእዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለማይለይ፣ አርእስቱ የሚታወቀው በመጠን፣ በውፍረትና በመሳሰሉት ይሆናል። በላቲን ሙሌት የጸደቀ ንድፍ አማርኛው ሲገባ ይፈርሳል፤ የድጋሚ ሥራውም ወጪ በደንበኛው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከመገዛቱ በፊት እውነተኛው የአማርኛ ጽሑፍ፣ ድረ ገጹ በሚጠቀምበት ቅርጸ ፊደል፣ በስልክ ስፋት ተጽፎ ይታይ።