ቅንጬ ለምን ቶሎ አያስርብም?

የዛሬው ርዕሳችን ቅንጬ ነው። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ ከገብስም ከስንዴም ይሠራል። ታዲያ ቅንጬ የበላ ሰው ለምን ቶሎ አይርበውም?

እስቲ ምድጃውን አስቡ። ጭድ ቦግ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። የወይራ ፍልጥ ግን ቀስ ብሎ ይነድዳል። የላመ ነጭ ዱቄት እንደ ጭዱ ነው፤ ሆድ ውስጥ ቶሎ ይፈጫል። ቅንጬ ደግሞ እንደ ፍልጡ ነው። እህሉ ተከካ እንጂ አልደቀቀም። ስለዚህ ጉልበት የሚሰጠው ቀስ እያለ ነው። የስንዴው ፉርሽካ ካልወጣለት ደግሞ አሰሩም አብሮ ይበላል።

ቡልጉር የሚባለውም የቅንጬ ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ ስንዴው አስቀድሞ ተቀቅሎ፣ ደርቆ መከካቱ ነው።

አሠራሩስ? ቅንጬውን አጥቦ፣ ጨው ጣል በተደረገበት የፈላ ውሃ፣ ውሃውን እስኪመጥ ማብሰል ነው። ቅቤው ግን በልኩ ይሁን!