በተንቀሳቃሽ የሕክምና መኪና ላይ ስለሚተከል የጋዝ ማቀዝቀዣና ስለ አየር ማስተላለፊያው



ሕፃናት በተጨናነቁበት መጠለያ ኩፍኝ አንድ ጊዜ ከገባ፣ በረኃብ የተዳከመ ሰውነት የሚመክትበት አቅም አይኖረውም። ስለዚህም ክትባቱ ከእህሉ እኩል መድረስ ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ፣ ጠርሙሱ ደኅና መስሎ ይዘቱ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

በመኪና ላይ የተተከለ የጋዝ ማቀዝቀዣ አልቀዘቅዝ ሲል ወቀሳው በዕቃው ላይ ይወርዳል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1922 ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን የፈለሰፉት ይህ ዓይነት ማቀዝቀዣ ሞተር የለውም። ነበልባሉ አሞኒያ የተቀላቀለበትን ውኃ ያፈላል፤ የተነነውም አሞኒያ በጀርባው ባሉት ቱቦዎች ውስጥ ሙቀቱን ለአየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል፤ ይህ ፈሳሽ እንደገና ሲተን ብርድ ይፈጠራል። አየሩ ከቆመ ሙቀቱን የሚረከብ የለም።

ስለዚህ የጀርባው ክፍተት እንደ ጭስ መውጫ ሆኖ መሠራት አለበት። ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከግርጌ፣ ሙቁ የሚወጣበት ደግሞ ከቱቦዎቹ በላይ፣ ቢቻል በጣሪያው ላይ ይከፈታል። ብዙ ባለሙያዎች ሰፊ ቦታ መተው የሚበቃ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ክፍተቱ ሲሰፋ አየሩ ቱቦዎቹን ሳይነካ ያልፋል። በቱቦዎቹና በግድግዳው መካከል ከ3 ሴንቲሜትር የበለጠ ቦታ ካለ፣ ቆርቆሮ አጥፎ አየሩን ወደ ቱቦዎቹ መምራት ይገባል። ወደ መኪናው ውስጥ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ሁሉ ይደፈን፤ የነበልባሉ ጭስ ተኝቶ ያለን ሰው ሊገድል ይችላልና።

መኪናው ያለ ውኃ ልክ ዘንበል ብሎ ከቆመ ፈሳሹ በቱቦዎቹ ውስጥ ይቋጠራል፤ ማቀዝቀዣውም ለዘለቄታው ሊበላሽ ይችላል። በደጋ አገር ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ነበልባሉ ይደክማል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የተፈተነ ዕቃ በቆላ የሚሰጠው ውጤት ሌላ ነው፤ ቆላው ብርዱን በሙቀቱ ይፈትነዋል።

በጉዞና ነዳጅ በሚቀዳበት ጊዜ ነበልባሉ መጥፋት አለበት። በዚያን ጊዜ ክትባቱ በበረዶ ጥቅል በተሞላ ሣጥን ይያዛል፤ የቴታነስ ክትባት ግን ከበረዶው ጋር ተነካክቶ ከረጋ ይበላሻል። ቴርሞሜትሩም ጧትና ማታ ይነበብ፤ ንባቡ በመዝገብ ይጻፍ።