ቅኔ ቤትና አዲሱ ግጥም
ስለ ባለቅኔውና ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ፤ በክረምት ዕረፍት በደብረ ወርቅ የተደረገ ንግግር



 ደብረ ወርቅ ላይ ቆሞ ስለ ግጥም መናገር ቀላል ነገር አይደለም። ዓባይ ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ስለ ውሃ እንደ ማስረዳት ይቆጠራል። ስለዚህ ቅኔን ላስተምር አልመጣሁም፤ እርሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የመጣሁት ስለ አንድ ሰው ልነግራችሁ፤ ከዚያም እናንተን መምህራንን አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ሰውየው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይባላል። ሠዓሊነቱን ብዙዎች ያውቁለታል። ግጥሙን ግን፤ «ሀገሬ» ከተሰኘው በቀር፤ አንብቦ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ነገሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ሕይወቱ፤ ቀጥሎ በግጥሙ ላይ ስለሚነሣው ክርክር፤ በመጨረሻም የእርሱ ታሪክ ለዚህ አገር ስለሚያስተምረው ቁም ነገር እናገራለሁ።

ገብረ ክርስቶስ የተወለደው በሐረር ከተማ ነው፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ሙያቸውም የብራና መጻሕፍትን መጻፍና በሐረግና በሥዕል ማስጌጥ ነበር። እንግዲህ የልጁ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ከአባቱ ብራናና ቀለም አጠገብ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ነገር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጁ በዘመናዊ ትምህርት ገፍቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባና ሳይንስ ጀመረ። ልቡ ግን በሥዕል ላይ ስለ ነበር ትምህርቱን አቋረጠው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1957 ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በኮሎኝ ከተማ እስከ 1961 ድረስ ሥዕል ተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕሉን የሠራው በ1963 ነው፤ በዚህ ሥዕል ስቅለቱን በአብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ እንደምናውቀው አድርጎ አላቀረበውም። በ1965 ደግሞ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብን ሽልማት ተቀበለ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ግጥም ይጽፍ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በመጡት ዓመታት ከአገሩ ወጣ፤ ከብዙ መንከራተትም በኋላ አሜሪካ ገባ። በመጋቢት ወር 1973 ዓ.ም. በኦክላሆማ ግዛት ሎውተን በምትባል ከተማ ዐረፈ። ዕድሜው ገና ሃምሳ አልሞላም ነበር። «ሀገሬ» በሚለው ግጥሙ ስለ አገሩ ፀሐይና ቀለም፤ በባዕድ ምድር ሆኖም ስለሚናፍቀው ነገር የተናገረው ይህ ሰው፤ በመጨረሻ አፈሩ ከሐረርም ከአዲስ አበባም እጅግ ራቀ። ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት ደግሞ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ገብረ ክርስቶስን ያነበቡ ብዙ ሰዎች ሦስት ነቀፋ ያቀርባሉ። አንደኛው ልኩ የተሰበረ ነው ይላሉ። ሁለተኛው ሰምና ወርቅ የለውም ይላሉ። ሦስተኛው ከፈረንጅ የተዋሰው ነው ይላሉ።

የመጀመሪያውን እንመልከት። በአማርኛ ግጥም ከሁሉ ይበልጥ የተለመደው ልክ ወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም ሄዶ ያርፋል፤ ከዚያ ሌላ ስድስት ቀለም ሄዶ ቤት ይመታል። ጆሮአችን በዚህ የሠለጠነ ስለ ሆነ ከዚህ የወጣ ሁሉ የወደቀ ይመስለናል። ገብረ ክርስቶስ ቤት መምታቱን ፈጽሞ አልተወውም፤ ብዙ ጊዜ ይመታል። ልኩን ግን እንደ ነገሩ ያስረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል። አንዱ ስንኝ ረዥም ይሆንና የሚቀጥለው ከሁለት ከሦስት ቃል አይበልጥም። ለምን ይህን አደረገ? ሠዓሊ ስለ ነበር ይመስለኛል። ሠዓሊ ሰሌዳውን በሙሉ ቀለም አይሞላም፤ ባዶ የተተወው ቦታ ለተሣለው ቦታ ጉልበት ይሰጠዋል። አጭር ስንኝ ላይ ሲደረስ ድምፅ ይቆማል፤ አንባቢው ያስባል። በሩቅ አገርም ከእርሱ ቀደም ብሎ ኢ. ኢ. ከሚንግስ የሚባል አሜሪካዊ ገጣሚ ነበር፤ እርሱም ሠዓሊ ነበር፤ ቃላቱን በወረቀቱ ላይ የሚደረድረውም ዓይን እንዲያያቸው ጭምር አስቦ ነው። ብሩሽ የያዘ እጅ ብዕር ሲይዝ ዓይንን አይረሳም።

ሁለተኛው ነቀፋ ሰምና ወርቅ የለውም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ አብዛኛው ግጥሙ አንድን ቃል ለሁለት ፈትቶ ምሥጢር አያወጣም። ነገር ግን የቅኔ መምህራን እንደሚያስተምሩት የቅኔ መንገድ ሰምና ወርቅ ብቻ አይደለም፤ ውስጠ ወይራም አለ፤ ኅብርም አለ፤ ሌላም ብዙ አለ። ምሥጢር የሚቀመጠው በአንድ ቃል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በምሳሌውና በነገሩ አካሄድም ውስጥ ነው። ገብረ ክርስቶስ ምሥጢሩን ያስቀመጠው በሚታይ ነገር ውስጥ ነው፤ በቀለም፣ በብርሃን፣ በመንገድ። አንባቢው ያንን ነገር አይቶ ወደ ውስጡ እንዲገባ ይጠብቀዋል። ይህ አካሄድ ከሰምና ወርቅ ይበልጣል ለማለት አልደፍርም። ሌላ በር ነው፤ ቤቱ ግን አንድ ነው እላለሁ።

ሦስተኛው ነቀፋ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ዛሬ ልናገር የመጣሁበት ጉዳይም ይኸው ነው። አዲስ ግጥም የፈረንጅ ዕቃ ነው ይባላል። በእርግጥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በአውሮጳና በአሜሪካ የተነሡ ገጣሚዎች የቆየውን ልክ ሰብረዋል። ከእነርሱ አንዱ አሜሪካዊው ኤዝራ ፓውንድ የግጥም ሰው ሁሉ ነገሩን አዲስ እንዲያደርግ ይጎተጉት ነበር። ገብረ ክርስቶስም ጀርመን አገር አራት ዓመት ሲቀመጥ ይህን ነፋስ አልተነፈሰም ማለት አይቻልም።

ነገር ግን የደብረ ወርቅ ሰው «አዲስ አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ ለመስማት ውቅያኖስ መሻገር ያስፈልገዋልን? የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፤ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ ከለመነ በኋላ፤ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። ትናንት የተናገረውን ዛሬ ይዞ ቢመጣ ይታፈራል። የባልንጀራውን ቢያመጣ ደግሞ ሌባ ይባላል። በየቀኑ ከራሱ አውጥቶ፤ ከዚህ በፊት ያልተባለ ነገር መናገር አለበት። በዓለም ላይ ተማሪው ሁሉ በየዕለቱ አዲስ ግጥም እንዲፈጥር የሚያስገድድ ትምህርት ቤት ስንት አለ? ኤዝራ ፓውንድ የተመኘውን ነገር የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ከእርሱ ዘመን አስቀድመው በሕግ አጽንተውት ኖረዋል።

እዚህ ላይ አንድ መምህር እንዲህ ብለው ሊመልሱልኝ ይችላሉ፤ «ልጄ፤ ቅኔ አዲስ የሚሆነው በምሥጢሩ ነው እንጂ በልኩ አይደለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ዘጠኝ ያደረገው የለም።» ይህ መልስ ትክክል ነው፤ ልዩነቱም እውነተኛ ነው። ቅኔ በጠና ልክ ውስጥ አዲስ ነገር ይወልዳል፤ ገብረ ክርስቶስ ልኩንም ጭምር ነክቷል። ሆኖም የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ ቤት እየተባለ የቅኔው መንገድ የተለያየው፤ በየጊዜው የተነሡ ሊቃውንት የተቀበሉትን ይዘው የራሳቸውን ስለ ጨመሩበት ነው። ቤት የሚለያየው ሰው ሲያስብ ነው። ያሰበ ሁሉ ከሃዲ ቢባል ኖሮ ዛሬ ሦስት ቤት ቀርቶ አንድም ባልኖረን።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ምስክር እንጥራ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በዚሁ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። እኒህ ሰው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የጻፉት ልብ ወለድ ነበር፤ ልብ ወለድ ደግሞ ከውጭ የመጣ መልክ ነው። ዛሬ ግን ያንን መጽሐፍ የፈረንጅ ነው የሚል ጎጃሜ አላጋጠመኝም። ለምን ቢባል፤ መልኩ አዲስ ቢሆንም ውስጡ የቆሎ ተማሪው፣ የቅኔ ቤቱና የጎጃም ገበሬው ሕይወት ስለ ሆነ ነው። አሁን ቅድም ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ነገር ልመለስ። ገብረ ክርስቶስም የብራና ጸሐፊ ልጅ ነው። በሠላሳ ዓመቱ አካባቢ አዲስ ሥዕል ሊሠራ ሲነሣ ጎልጎታን ሣለ። ቤቱን ትቶ የሄደ ሰው ቢሆን ኖሮ ስቅለትን ምን ያደርግለታል? የአባቱን ነገር ይዞ በራሱ ዘመን እጅ ጻፈው። ግጥሙም እንደዚሁ ነው።

ከእርሱ ሌላም አለ። በወለጋ የተወለደው ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መጽሐፍ ሲያወጣ በቅርጹ ምክንያት ብዙ ክርክር ተነሣ። እርሱም ረዥም ዘመን በአሜሪካ ኖሮ በ2010 ዓ.ም. በሚኒሶታ ዐረፈ። ሁለቱም በአገራቸው ቋንቋ አዲስ መንገድ ቀይሰው፤ ሁለቱም በአንድ ሩቅ አገር ሞቱ። አማርኛ ልጆቹን እንዲህ ሲያጣ ሐዘኑ የሁላችንም መሆን አለበት።

ወደ ሦስተኛው ነገር ደረስኩ። ገብረ ክርስቶስ ሲሞት ግጥሞቹ በወዳጆችና በወረቀት ላይ ተበትነው ነበር። ዛሬ ልናነባቸው የቻልነው ወረቀቱን ያልጣሉ፤ ለቅመውም ለማተሚያ ቤት ያደረሱ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። እነዚያ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ስለ ሠዓሊው እንጂ ስለ ባለቅኔው የምንናገረው ባልነበረን።

እስቲ ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። በዚህ ደብር፣ በዲማ፣ በሞጣና በብቸና ዙሪያ በየበዓሉ ስንት ቅኔ ይባላል? ሊቁ በማኅሌቱ ቆሞ ይቀኛል፤ ሰሚው ያደንቃል፤ ከዚያ ነገሩ በአየር ላይ ይቀራል። አንድ ትኩረት ያለው ተማሪ ቢይዘው ይቆያል፤ ካልያዘው ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይወርዳል። እኛ ለገብረ ክርስቶስ ከሞተ በኋላ እናዝናለን፤ በአጠገባችን ያሉትን ሊቃውንት ግን በሕይወት ሳሉ እንረሳቸዋለን።

ስለዚህ እናንተን መምህራንን የምጠይቀው ይህን ነው። ቅኔ ሲጻፍ ተማሪው ይሰንፋል፤ ቃሉን ትቶ በወረቀት ይታመናል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። ስጋቱም ከንቱ አይደለም። የምንጽፈው ግን ተማሪው እንዲሸመድደው አይደለም፤ የሊቁ ስም እንዳይጠፋ ነው። ይህን ፈቃድ ብትሰጡን እያንዳንዳችን በዚህ ክረምት አንድ ደብተር ይዘን ወደ አንድ መምህር እንሄዳለን። የቅኔውን ዓይነት፣ የተባለበትን በዓል፣ የባለቤቱን ስም፤ ሰሙንና ወርቁንም ራሳቸው እንደ ፈቱት እንጽፋለን። ያልፈቀዱትን አንጽፍም።

ለእናንተ ለሁለተኛ ደረጃና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ የምለው አጭር ነው። ከእኛ መካከል የቆሎ ተማሪን ሲያይ የሚስቅ አለ። በጉባኤ ቤትም አዲስ ግጥም ሲሰማ የሚስቅ አለ። ሁለቱም ሳቆች ከአንድ ድንቁርና የሚመነጩ ናቸው። እኛ የገብረ ክርስቶስን ግጥም ይዘን ወደ ቅኔ ቤቱ እንሂድ፤ እናንብብላቸው፤ የጉባኤው ልጆች እንደ ልማዳቸው ያርሙት፤ ይተቹት። ከዚያ እነርሱ መወድሳቸውን ይፍቱልን፤ እኛም እንማር። ያኔ የትኛው ስንኝ ባዶ እንደ ሆነና የትኛው ምሥጢር እንዳለው በአንድነት እንፈርዳለን። ፍርዱ ገብረ ክርስቶስን የሚነቅፍ ቢሆን እንኳ ሳይነበብ ከመናቅ ይሻላል፤ ለባለቅኔ ከነቀፋ ይልቅ የሚከፋው ዝምታ ነውና።

 ደብተሩን ዛሬ ለመጀመር የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር ከጉባኤው በኋላ ዋርካው ሥር እጠብቃለሁ።